ከአዲስ አበባ ያስላክሁትና ከሂርማታ የገዛሁት ቡና መፍጫ ከ11 ወር በኋላ

በኅዳር 2017 በአንድ ወር ውስጥ ሁለት የኤሌክትሪክ ቡና መፍጫዎች ገዛሁ። አንዱን ለራሴ ቤት በቴሌግራም ከሚሸጥ የአዲስ አበባ ነጋዴ አስላክሁ። ሁለተኛውን ለእናቴ እዚሁ ጅማ ካለው የሂርማታ ገበያ፣ ከአንድ የቤት ዕቃ ሱቅ ገዛሁላት፤ እርሷም በቴሌግራም እንዳዝዝላት ብጠይቃት «ፊቱን ላላየሁት ሰው ብር አልሰጥም» ብላ ዘግታኝ ነበር። ሁለቱም ከውጭ የገቡ፣ በመልክም በአሠራርም እጅግ የሚመሳሰሉ ናቸው። ላለፉት 11 ወራት በየቀኑ ሲሠሩ ስለቆዩ አሁን ስለ ሁለቱም በእርግጠኝነት መጻፍ የምችል ይመስለኛል።

በጅማ ቡና የሚወቅጥ ቤት መፍጫ ምን ያደርግለታል የሚል አይጠፋም። እኔ የተከራየሁት ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ንጋት ላይ ሙቀጫና ዘነዘና ሳነሣ ከታች ያሉት ጎረቤቶች ጣሪያቸው የሚወርድባቸው እየመሰላቸው ይነቃሉ። የእናቴ ችግር ደግሞ የትከሻ ሕመም ነው። ስለዚህ ሁለታችንም የምንፈልገው ለአንድ ጀበና የሚበቃ ቡና ያለ ድካም የሚፈጭልን መሣሪያ ብቻ ነበር።

የቴሌግራሙ ማስታወቂያ «1000 ዋት፣ 300 ግራም የሚይዝ፣ የአንድ ዓመት ዋስትና» ይላል፤ ዋጋው 1,700 ብር። በሂርማታ ተመሳሳዩን ሲጠሩልኝ 2,600 ብር ነበር። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ የሱቅ ዋጋ ሲቀያየር ለከረመብን ሰዎች የ900 ብር ልዩነት ዐይን ይስባል። አዲስ አበባ ያሉ ደንበኞች ዕቃው ደጃቸው ሲደርስ ይከፍላሉ፤ ክፍለ ሀገር ላለን ግን ክፍያው ሙሉ በሙሉ በቅድሚያ ነበር። በቴሌብር ከፈልኩ፤ በማግስቱ የአውቶቡሱን ታርጋና የረዳቱን ስልክ ቁጥር ላኩልኝ። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ የመጣውን ካርቶን መነኸሪያ ወርጄ፣ ለረዳቱ 150 ብር ከፍዬ ተቀበልኩ። እስከዚህ ድረስ ቅሬታ አልነበረኝም፤ እንዲያውም ፍጥነቱ አስገርሞኛል።

ቅሬታው የጀመረው ካርቶኑ ሲከፈት ነው። የመፍጫው ሆድ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ 150 ዋት ይላል። ጽዋው በወጥ ቤት ሚዛኔ ስመዝነው ከ60 ግራም የበለጠ ቡና አይችልም። የገመዱ ጫፍ ደግሞ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ ያለው ሲሆን የቤቴ ሶኬት የሚቀበለው ሁለት ክብ ጥርስ ነው፤ ስለዚህ በ120 ብር አዳፕተር ገዛሁ። በሦስተኛው ቀን ለሻጩ ፎቶ አንሥቼ ስጽፍለት «ያለን ይሄ ብቻ ነው፣ ግን በጣም አሪፍ ይፈጫል» የሚል መልስ መጣልኝ። በንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 መሠረት ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲቀየርለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ እንደሚችል አውቃለሁ፤ ነገር ግን ጅማ ተቀምጬ፣ የሱቁ በር የት እንደሆነ ለማላውቀው ሰው አንቀጽ ብጠቅስለት ምን ይጠቅመኛል ብዬ ተውኩት።

የእናቴ ግዢ ሌላ መልክ ነበረው። ባለሱቁን የሰፈሩ ሰው ሁሉ ሐጂ ነው የሚላቸው። ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱ፣ ከጠረጴዛው ሥር ካለው ሶኬት ሰኩት፣ ባዶውን ለሁለት ሰከንድ አስነሡትና ጆሯቸውን አስጠግተው አዳመጡ። «የዚህኛው ድምፅ ደስ አላለኝም» ብለው ሌላ አወረዱ፤ ሁለተኛውንም እንዲሁ ሞክረው ሰጡን። ከተከራከርን በኋላ 2,400 ብር ተስማማን። የቴሌግራሙን ዋጋ ስነግራቸው አላስተባበሉም፤ «እኔም የማመጣው ከዚያው ከአዲስ አበባ መርካቶ ነው ልጄ» አሉኝ። ደረሰኝ ስጠይቃቸው ግን ያገኘሁት በእጅ የተጻፈ ቁራጭ ወረቀት ነው፤ ይህን እንደ ትልቅ ጉድለት መዝግቤዋለሁ። ከጀርባቸው ግድግዳ ላይ ደግሞ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማስታወቂያ ተለጥፏል።

አሁን ስለ አፈጫጩ ልናገር፣ የዚህ ዓይነቱን መፍጫ ለመግዛት የሚያስብ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ ነውና። ሁለቱም መፍጫዎች በትክክለኛ ትርጉሙ ይቆርጣሉ እንጂ አይፈጩም፤ ምላጩ እንደ ፕሮፔለር እየዞረ ቡናውን ይመታዋል፣ ስለዚህ ከሥር ያለው ዱቄት ሆኖ ከላይ ያለው ገና ክክ ነው። መፍትሔው አምስት አምስት ሰከንድ እየጫኑ በመካከሉ መፍጫውን አንሥቶ መነቅነቅ ነው። እንዲህ ከተደረገ ለጀበና የሚሆን፣ ከሙቀጫው እምብዛም የማያንስ ልም ይወጣል፤ በተከታታይ ከተጫነ ግን ቡናው ራሱ ይሞቅና ሽታው ይለወጣል። እናቴ ኮረሪማውን አብራ ትፈጭበታለች፤ ይህን ይችላል። የደረቀ እርድ ግን አይችልም፤ እኔ ሞክሬው ምላጩን አጎበጥኩት፣ በፒንሳ አቃናሁት፣ ከዚያ ወዲህ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። በርበሬ ደግሞ አይሞከር፤ ሽታው ለሳምንት ያህል ከቡናው ጋር ይጠጣል።

የእናቴ መፍጫ መጀመሪያ የተበላሸው በ20ኛው ቀን ነው። ክዳኑ ላይ ያለችው፣ ማብሪያውን የምትጫነው ትንሽ የፕላስቲክ ምላስ ተሰበረች፤ ያለ እርሷ ሞተሩ አይነሣም። አዋጁ የሚሰጠው 15 ቀን አልፏል፣ ማስታወቂያውም ግድግዳው ላይ እንዳለ ነው። እናቴ ክዳኑን ብቻ በፌስታል ይዛ ሄደች። ሐጂ ምንም ሳይናገሩ ከመደርደሪያ ሌላ ካርቶን አውርደው የእርሱን ክዳን አውጥተው ሰጧት። ክዳን አልባውን መፍጫ ለማን እንደሸጡት እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ይህም እንደ ገዢ ትንሽ ያሳስበኛል።

የእኔው የቆመው በፋሲካ ዋዜማ፣ ሚያዝያ 11 ነበር። እንግዳ ይመጣል ብዬ ግማሽ ኪሎ ቡና በአንድ መቀመጫ ልፈጭ ስሞክር፣ ያለ ዕረፍት ስምንተኛውን ጽዋ ላይ ሳለሁ የተቃጠለ ሽታ መጣና ጸጥ አለ። አዳፕተሩንም ስነቅለው አፉ ቡናማ ሆኖ ቀልጧል። ጥፋቱ የእኔም እንደሆነ አምናለሁ፤ መመሪያው ከ30 ሰከንድ በላይ አታሠሩት ይላል። ቢሆንም የአንድ ዓመት ዋስትና ተብሎ ነበርና ለሻጩ ጻፍኩ። መጀመሪያ ዋስትናው ሞተርን አይጨምርም ተባልኩ፤ ከሞተር በቀር ምን እንዳለው ስጠይቅ በራሴ ወጪ ወደ አዲስ አበባ እንድልከው ተነገረኝ፤ አድራሻ ስጠይቅ መልእክቴ ተነበበ፣ መልስ ግን አልመጣም።

ወደ መነኸሪያ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ የጥገና ባለሙያ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፈታው። ሞተሩ ደኅና ነበር፤ የተቃጠለችው በጥምጥሙ ውስጥ የተሸጎጠችው ሙቀት ሲበዛ የምትበጠሰው ፊውዝ ብቻ ናት። እርሷን ቀየረ፣ ጠፍጣፋውን የገመድ ጫፍ ቆርጦ ባለ ክብ ጥርስ አሰረበት፣ 250 ብር ተቀበለኝ። በነሐሴ የእናቴ መፍጫ ለሚዞረው የሞተሩ ክፍል ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ካርቦኑ አልቆ ብልጭታ ሲያበዛ ወደዚያው ሰው ወሰድኩት፤ ከፍቶ አየውና «መንትዮች ናቸው፣ አንድ እናት ነች የወለደቻቸው» አለኝ። ሞተሩም ምላጩም ያው ነበር።

ሒሳቡን ስደምረው የእኔው መፍጫ ከነመላኪያው፣ ከነአዳፕተሩ፣ ከነጥገናውና ከነባጃጁ 2,260 ብር ደርሶብኛል። የእናቴ 2,400 ብር እንደሆነ ነው፤ ካርቦኑን ሐጂ ከዕቃ ማስቀመጫቸው ፈልገው በነፃ ሰጥተውናል። ዕቃው አንድ ከሆነ፣ በሱቁ ዋጋ ውስጥ የተጨመረው ብር የተከፈለው ለሐጂ ጆሮና ለዚያ ለተቀየረው ክዳን ነው ማለት ነው። ጅማ ዕቃን ከሩቅ ማስመጣት ከቴሌግራም አልተማረችም፤ በዳግማዊ አባ ጅፋር ዘመን ሂርማታ ከየአቅጣጫው የሚመጡ የሲራራ ነጋዴዎች የሚገናኙባት ገበያ ነበረች። ሲራራ ነጋዴው ግን ከጭነቱ ጋር ራሱም ይመጣ ነበር፤ የሸጠው ቢበላሽ በሚቀጥለው ገበያ የሚያፍርበት ፊት ነበረው።

ይህን ስል ሱቅን ያለ ነውር ማቅረቤ አይደለም። ዋጋው እንደ ሰውየው አለባበስ ይጠራል፣ ምርጫው ጠባብ ነው፣ ደረሰኝ ማግኘት ትግል ነው። እኔም የስልክ ሽፋን፣ ገመድና ጅማ የማይገኝ መጽሐፍ አሁንም ከአዲስ አበባ አስልካለሁ፤ ቢበላሹ የሚያስቆጩ አይደሉምና። ሞተር ያለውን ነገር ግን ሳይሞከርልኝ አልገዛም።

ባለፈው ሳምንት አጋሮ ያለችው አክስቴ እንደ እናቴ ያለ መፍጫ እንድገዛላት ብር ላከችልኝ። ያው የቴሌግራም ሻጭ ዕቃውን አሁን «1500 ዋት» ብሎ በ2,100 ብር ለጥፎታል። ሂርማታ ሄድኩ፤ ሐጂ 3,100 ብር ጠሩና 2,950 ላይ ቆሙ። ሦስት ካርቶን አስከፈትኳቸው፤ ሦስተኛውን ወሰድኩ፣ ክዳኑ በቦታው እንዳለም ቆጥሬ አረጋገጥኩ።