ለቤተሰብ ቪዲዮና ለፊልም ማስቀመጫ፦ ትልቅ ፍላሽ ይሻላል ወይስ ሃርድ ዲስክ?

በዚህ ዓመት ከደሴም ከኮምቦልቻም የሚደውሉልኝ ዘመዶችና ወዳጆች የሚጠይቁኝ ጥያቄ አንድ ሆኗል፤ የሰርግ፣ የምርቃትና የልጆች ቪዲዮ፣ እንዲሁም ማታ ማታ በቴሌቪዥን የሚያዩት ፊልምና ተከታታይ ድራማ የሚቀመጥበት ዕቃ ለመግዛት ሲያስቡ፣ ትልቅ ፍላሽ ይግዙ ወይስ ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ? እኔ ሳልወላውል የምመልሰው ለማስቀመጫ ሃርድ ዲስክ ግዙ፣ ፍላሹ ለማመላለሻ ብቻ ይሁን ብዬ ነው። ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ ሳይሆን የእህቴን የሰርግ ቪዲዮ ካጣሁ በኋላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። በደሴ ፒያሳ አካባቢ ከአንድ ሱቅ “2 ቴራ ባይት” የተጻፈበት፣ ብረት ለበስና ከበድ ያለ ፍላሽ በ1,800 ብር ገዛሁ። ላፕቶፔ ሞልቶ ስለነበር የሰርጉን፣ የመልሱንና የአምስት ዓመት የቤተሰብ ፎቶ በሙሉ ወደ ፍላሹ ገልብጬ፣ ስማቸው ሁሉ ተዘርዝሮ ሲታየኝ ከላፕቶፑ ላይ አጠፋኋቸው። ከሁለት ወር በኋላ ኮምቦልቻ እህቴ ቤት እንግዳ ተሰብስቦ ቴሌቪዥኑ ላይ ስንሰካው የፋይሎቹ ስም አንድም ሳይጎድል መጣ፤ መጀመሪያ የተገለበጠው የመልሱ ቪዲዮ ተከፈተ፣ የሰርጉ ግን አልከፈት አለ። በማግስቱ የወሰድኩለት ጠጋኝ ብረቱን በምላጭ ፈልቅቆ ሲከፍተው፣ ከውስጡ ትንሽ ሰሌዳ ላይ በሙጫ የተለጠፈች የጣት ጥፍር የምታህል የስልክ ሚሞሪ ካርድ ወጣች። አጠገቧ ክብደት እንዲሰጥ የተጣበቀ ቁራጭ ብረት ነበረ። ካርዷን አውጥቶ ለብቻዋ ሲያነባት የምትይዘው 32 ጊጋ ባይት ብቻ ሆና ተገኘች። ቪዲዮውን የቀረጸው ባለሙያም ቅጂውን ከኮምፒውተሩ ላይ ካጠፋው ቆይቶ ነበር።

ማጭበርበሩ የሚሠራበት መንገድ ቀላል ስለሆነ ማወቁ ይጠቅማል። በፍላሹ ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚነጋገረው መቆጣጠሪያ ቺፕ 2,000 ጊጋ ባይት አለኝ ብሎ እንዲዋሽ ተደርጎ ይጻፋል፤ ኮምፒውተሩም ያምነዋል። እውነተኛው ቦታ እስኪሞላ ድረስ ሁሉም ነገር ደህና ነው፤ ከሞላ በኋላ የሚገለበጠው ግን ወይ በቀድሞው ላይ ይጻፋል ወይ የትም ሳይደርስ ይቀራል፣ የፋይሉ ስምና መጠኑ ግን መታየቱን ይቀጥላል። በዚህ ምክንያት ባለቤቱ መታለሉን የሚያውቀው ወራት አልፈው፣ ዋናው ቅጂም ከጠፋ በኋላ ነው። 2 ቴራ ባይት የሚይዝ ፍላሽ ጭራሽ የለም ማለቴ አይደለም፤ ኪንግስተን በ2017 እ.ኤ.አ. አስተዋውቋል። ነገር ግን እውነተኛው በ1,800 ብር ሊገኝ አይችልም።

ስለዚህ ወደ ዋጋው ልግባ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነውና። የዕቃውን ዋጋ ብቻ ሳይሆን ዋጋውን ለጊጋ ባይቱ አካፍላችሁ ተመልከቱ። እኔ በቅርቡ በደሴና በኮምቦልቻ ሱቆች ስጠይቅ ትክክለኛ 64 ጊጋ ባይት ፍላሽ 1,100 ብር ተባልኩ፤ ይህም በአንድ ጊጋ ባይት 17 ብር ያህል ነው። 128 ጊጋ ባይቱ 1,900 ብር ስለሆነ ወደ 15 ብር ዝቅ ይላል። አዲስ 1 ቴራ ባይት ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ 9,500 ብር ሲጠየቅ በጊጋ ባይት 9 ብር ከ50 ሳንቲም ይወጣል። ከሁሉ ያዋጣኝ ግን ከአሮጌ ላፕቶፕ የወጣ 500 ጊጋ ባይት ዲስክ በ2,200 ብር ገዝቼ፣ ለብቻው በ600 ብር የሚሸጠውን ኬዝ፣ ማለትም የገመድ መሰኪያ ያለውን ማቀፊያ፣ አልብሼው በድምሩ በ2,800 ብር ማለትም በጊጋ ባይት በ5 ብር ከ60 ሳንቲም ያገኘሁት ነው። ያ “2 ቴራ” ፍላሽ በእውነተኛ ይዘቱ ሲሰላ በጊጋ ባይት ከ56 ብር በላይ አስከፍሎኛል፤ ከገዛሁት ዕቃ ሁሉ ውዱ እሱ ነበር። ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ የውጭ ዕቃ ዋጋ ስለማይረጋ፣ እነዚህን ቁጥሮች ለማነጻጸሪያ እንጂ እንደ ቁርጥ ዋጋ አትያዟቸው። በጊጋ ባይት ከሦስት ብር በታች የሚሸጥ ፍላሽ ካያችሁ ግን ዋጋ ሳትከራከሩ እለፉት።

ኮምፒውተሩ የሚያሳየው መጠን ከተጻፈው ትንሽ ስላነሰ ብቻ ደግሞ ዕቃውን ሐሰተኛ አትበሉት። አምራቹ 1 ኪሎ ባይትን በ1,000፣ ዊንዶውስ ደግሞ በ1,024 ስለሚቆጥር፣ ትክክለኛ 64 ጊጋ ባይት 59 ገደማ፣ 500ው 465፣ 1 ቴራ ባይቱም 931 ሆኖ መታየቱ የተለመደ ነው። እንዲያውም “2 ቴራ” ተብሎ ልክ 2,000 ጊጋ ባይት ሞልቶ የሚታይ ፍላሽ ሊያጠራጥራችሁ ይገባል።

ትክክለኛውን ከሐሰተኛው የሚለየው ሙሉውን ቦታ ሞልቶ መልሶ ማንበብ ብቻ ነው። ለዚህ ኤች ቱ ቴስት ደብሊው የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ ፍላሹን በራሱ ፋይሎች ይሞላና አንድ በአንድ እያነበበ የጎደለውን ይነግራል። ለ64 ጊጋ ባይት ፍላሽ ሁለትና ሦስት ሰዓት ሊፈጅ ስለሚችል ሱቅ ውስጥ ቆሞ የሚሆን ነገር አይደለም። እኔ አሁን ገንዘብ ከመክፈሌ በፊት ሻጩን “ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ እፈትሸዋለሁ፤ ጎዶሎ ከሆነ ነገ እንደምመልስ ደረሰኙ ላይ ጻፍልኝ” እለዋለሁ። ባለፈው አንዱ “ጋሼ፣ ይሄ በዚህ ዋጋ እንደዚያ ተብሎ አይሸጥም፤ ያኛውን ይውሰዱ” ብሎ ከመስተዋቱ በታች ሌላ ፍላሽ አወጣልኝ። ስለ ዕቃው ማወቅ የሚገባኝን ሁሉ በአንድ ዓረፍተ ነገር ስለነገረኝ አመስግኜው ሁለተኛውን ገዛሁ፤ ሲፈተሽም ሙሉ ሆነ።

ትክክለኛ ፍላሽ ቢሆንስ ለምን ለማስቀመጫ አልመርጠውም? ምክንያቱ ከአፈጣጠሩ የሚመጣ ነው። ፍላሽ ሚሞሪን የፈለሰፉት በቶሺባ ይሠሩ የነበሩት ጃፓናዊው መሐንዲስ ፉጂዮ ማሱኦካ ሲሆኑ፣ ሥራቸውን ለሙያው ማኅበረሰብ ያቀረቡት በ1984 እ.ኤ.አ. ነው። መረጃው የሚያዘው እጅግ ጥቃቅን በሆኑ ክፍሎች ውስጥ በታሰረ የኤሌክትሪክ ሙል ነው፤ ይህ ሙል ኃይል ሳያገኝ ዓመታት ሲቀመጥ ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ በተጻፈበትና በተደመሰሰ ቁጥርም ክፍሎቹ ያረጃሉ። ርካሽ ፍላሽ ሲሞት ብዙውን ጊዜ ምልክት ሳይሰጥ ነው፤ ትናንት ሠርቶ ዛሬ ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያየውም። ሃርድ ዲስክ በአንጻሩ አይቢኤም ራማክ የተባለውን ኮምፒውተሩን በ1956 እ.ኤ.አ. ካወጣ ጀምሮ በሚሽከረከር ሳህን ላይ በማግኔት የሚጽፍ ዕቃ ነው። ያ የመጀመሪያው ዲስክ 50 ሳህኖች ኖረውት የያዘው 5 ሚሊዮን ፊደል ብቻ ነበር፤ ዛሬ ከኪስ የሚገባው ከዚያ በመቶ ሺህ እጥፍ ይይዛል። ሃርድ ዲስክም ይሞታል፤ ነገር ግን ብዙ ጊዜ እየተንቀራፈፈ፣ ድምፅ እያሰማ፣ አንዳንድ ፋይል እየከለከለ ስለሚያስጠነቅቅ የቀረውን ለማውጣት ፋታ ይሰጣል።

አንድ ወዳጄ ደሴ ከፍታ ስለሆነች ሃርድ ዲስክ አይስማማትም ሲባል ሰምቶ ጠይቆኛል። ጥያቄው መሠረት አለው፤ የዲስኩ ማንበቢያ ሳህኑን ሳይነካ በላዩ የሚንሳፈፈው በቀጭን የአየር ትራስ ስለሆነ አየሩ በጣም ከሳሳ ይወድቃል። ይሁንና አምራቾች ለአብዛኞቹ ዲስኮች የሚሰጡት ወሰን 3,000 ሜትር ገደማ ሲሆን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ስለምትገኝ ሐሳብ አይግባችሁ። ይልቅ የሚገድለው መውደቅና እየሠራ መንቀሳቀስ ነው። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎን ጠመዝማዛ ቁልቁለት በታክሲ ይዛችሁት ብትወርዱ ጠፍቶ ከሆነ ማንበቢያው ከሳህኑ ስለሚርቅ ችግር የለም፤ ቴሌቪዥኑ ላይ እንደተሰካ እየዞረ ከመደርደሪያ ላይ ቢወድቅ ግን አበቃለት። ስለዚህ ወለል ላይ ወይም ልጅ የማይደርስበት ጠረጴዛ መሀል አስቀምጡት።

ቴሌቪዥን ላይ ሲሰካ “ቀጭ፣ ቀጭ” እያለ የማይነሳ ዲስክ ተበላሸ ተብሎ ሲጣል አይቼ አዝኛለሁ። በብዙ አሮጌ ቴሌቪዥኖችና ሪሲቨሮች ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ የሚሰጠው ኃይል 500 ሚሊ አምፔር ሲሆን ዲስኩ መዞር ሲጀምር ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ዲስኩን ከመጣላችሁ በፊት ኮምፒውተር ላይ ሞክሩት፤ እዚያ ከሠራ የሚያስፈልገው ሁለት ራስ ያለው ገመድ ነው፣ አንዱ ራስ ቴሌቪዥኑ ላይ፣ ሌላው ስልክ ቻርጀር ላይ ይሰካል። በዚህ ረገድ ፍላሽ ያለ ጥርጥር ይበልጣል፤ የትም ቢሰካ ይነሳል። ትልቅ ቪዲዮ ሲገለበጥ ቦታ እያለው አልቀበልም ካለ ደግሞ ፋት 32 በሚባለው አሠራር ፎርማት ስለተደረገ ነው፤ ፋት 32 ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ አንድ ፋይል አይቀበልም። ቴሌቪዥናችሁ ኤንቲኤፍኤስ የሚባለውን ሌላ አሠራር የሚያነብ ከሆነ በዚያ ፎርማት አድርጉት፤ ፎርማት ሲደረግ ያለው ሁሉ እንደሚጠፋ ግን አትርሱ።

ያገለገለውን የላፕቶፕ ዲስክ ለመግዛት ለምታስቡ፣ ሻጩ ፊት ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እንዲታይላችሁ ጠይቁ። ሰማያዊ ካሳየ ደህና ነው፤ ቢጫ ከሆነ በነጻ ቢሰጣችሁ እንኳ የቤተሰብ ቪዲዮ አታስቀምጡበት። ስንት ሰዓት እንደሠራም እዚያው ይነግራችኋል፤ እኔ ከ10,000 ሰዓት በላይ የሠራ አልገዛም። የዚህ ዓይነቱ ዲስክ ትልቁ ጥቅም ግን ጥገናው ነው። በኤክስተርናል ዲስክ ላይ ቶሎ የሚሞተው ገመዱ የሚሰካበት ቀዳዳ ሲሆን፣ ኬዙ ለብቻው ከሆነ 600 ብር ከፍሎ ሌላ ማልበስ ነው፣ ዲስኩና በውስጡ ያለው አይነካም። አዲስ ከሚሸጡት አንዳንዶቹ ቀዳዳው ከዲስኩ ሰሌዳ ጋር አብሮ ስለተበየደ ሲሰበር ጥሩ እጅ ያለው ጠጋኝ ይጠይቃል፤ ለእንዲህ ዓይነቱ ሥራ 1,500 ብር የከፈለ ዘመድ አለኝ። የሞተ ፍላሽ ግን ይዤ ሄጄ የዳነልኝ አንድም የለም።

ኤስኤስዲ የሚባለው፣ የሚሽከረከር ሳህን የሌለው እንደ ፍላሽ በቺፕ ላይ የሚጽፍ ዲስክ፣ ፈጣንና ግጭት የሚችል ጥሩ ዕቃ ነው፤ ሆኖም 512 ጊጋ ባይቱን 8,500 ብር ስለተባልኩ ፊልም ለማስቀመጥ ያን ያህል ማውጣት አይታየኝም፣ ሐሰተኛውም እንደ ፍላሹ በዝቷል። 4.7 ጊጋ ባይት የሚይዘው ዲቪዲ ደግሞ ማንበቢያው ከየቤቱ እየጠፋ ነው።

ፍላሽ ቦታው ፊልም ማስጫኛ ቤት ነው። እዚያ የሚሰካው የብዙ ሰው ፍላሽ ስለሆነ ፎልደሩን ሁሉ ወደ ሾርትከት የሚለውጠው ቫይረስ አይጠፋም፤ የቤተሰብ ቪዲዮ ያለበትን ዲስክ ይዞ መሄድ አይገባም። ትክክለኛ 32 ወይም 64 ጊጋ ባይት ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ አስጭናችሁ እዩ፣ ደምስሱት።

የእኔ አቀማመጥ አሁን ይህን ይመስላል። አንዱ 500 ጊጋ ባይት ዲስክ ደሴ ቤቴ ነው፤ ተመሳሳዩ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ አለ፣ በየሁለት ወሩ እናመሳስላቸዋለን። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሁለቱንም ከተሞች በቀናት ልዩነት ስለደረሰባቸውና ቤታችንን ጥለን ስለወጣን፣ ሁለቱ ቦታዎች መቀራረባቸው ያሳስበኛል። ስለዚህ ፎቶዎቹንና ከሰርጉ የተረፈውን የመልስ ቪዲዮ ብቻ በተፈተሸ 64 ጊጋ ባይት ፍላሽ ገልብጬ አዲስ አበባ አክስቴ ዘንድ ልኬያለሁ። እትዬ በዓመት አንድ ጊዜ ለበዓል ቴሌቪዥናቸው ላይ ሰክተው ያዩታል፣ መከፈቱንም በስልክ ይነግሩኛል፤ እኔም ስሄድ እንደገና አዲስ እገለብጥበታለሁ።