ከአኦርታ ኦፕሬሽን በኋላ አባዬን መልሶ ላቆመልን ልጅ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ሰዎች፣ ይሄን ፖስት መጻፍ ከነበረብኝ ቆይቷል። አባዬ አምና ሆዱ ውስጥ የሚያልፈው ትልቁ የደም ስር፣ አኦርታ የሚሉት፣ እንደ ፊኛ አብጦ ከ5.5 ሴንቲሜትር አልፎ ተገኘና አዲስ አበባ ሆዱ ተከፍቶ ያበጠው ቦታ በሰው ሰራሽ ቱቦ ተተካለት፣ አልሃምዱሊላህ በሰላም መጣ። የጨነቀን ከዛ በኋላ ነው። ወረቀቱ ላይ ከባድ ነገር እንዳያነሳ ይላል፣ በቃ፣ ስንት ኪሎ ነው ከባድ? ሊጠይቅ የመጣው ሁሉ ደግሞ "ኧረ እንዳትነቃነቅ ይበጠሳል" እያለው ሰውዬው ከአልጋው መነሳት ፈራ። ሰኞ ገበያ ኩንታል ሲሸከም የኖረ ሰው እግሩ እንደዛ ቀጥኖ ማየት ሆድ ያባባል።

በ3ኛው ሳምንት ፒያሳ አካባቢ የሚሰራ አንድ ፊዚዮቴራፒስት (በእንቅስቃሴ የሚያክም ባለሙያ) ጠቆሙን። ልጁ መጀመሪያ ወረቀቱን አነበበ፣ ሰርጀኑ ጋ ደውሎ አናገረ፣ ፕሬዠር ለካ፣ ከዛ በኋላ ነው የነካው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ውሃ ሞልቶ አመጣና "አባባ፣ ሐኪምዎ እስኪፈቅድ ከዚህ የከበደ አያንሱ፣ ቢያንስ እስከ 8 ሳምንት" አለው፣ እኛም ያኔ ነው የገባን። ከአልጋ ሲነሳ በጎኑ ዞሮ በእጁ ተደግፎ እንጂ ቀጥ ብሎ በሆዱ እንዳይነሳ፣ ሰላቱንም ለጊዜው ወንበር ላይ።

ከሁሉም በላይ ግን ትንፋሽ ነው ያስተማረው። ትንፋሽ ይዞ ማማጥ ፕሬዠርን በአንዴ ያስወጣል፣ ስለዚህ ከወንበር ሲነሳ ሁሉ ጮክ ብሎ ይቆጥራል፣ ሽንት ቤትም ያው ነው፣ ድርቀት እንዳይኖር ውሃና አትክልት ያብዛ ብሎናል (ይሄን ማንም ደፍሮ አይነግራችሁም)።

እርምጃው ግቢ ውስጥ በ5 ደቂቃ ጀመረ፣ በቀን ሶስቴ። እኔ የልብ ምት የሚቆጥር ሰዓት ገዝቼ ነበር፣ ልጁ ግን አባዬ ቤታ ብሎከር የሚባል የልብ ምት የሚያዘገይ መድሃኒት ስለሚወስድ ምቱ ብዙም አይጨምርም፣ ሰዓቱን አትመኑ፣ እየሄደ ማውራት ካቃተው በዝቷል ማለት ነው አለ። ደሴ እንደምታውቋት ከበር ስትወጣ ወይ ዳገት ወይ ቁልቁለት ነው፣ ስለዚህ ኮምቦልቻ እህቴ ጋ ወሰድነው፣ ሜዳ ነው፣ ከፍታውም ከደሴ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ስለሚል ትንፋሽ አያሳጥርም። ልጁ በየሳምንቱ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ይመጣል፣ የትራንስፖርት እንኳን አልተቀበለንም።

ድንገት ሆድ ወይ ጀርባ ካመመው፣ ደረቱን ከያዘው ወይ ካዞረው ግን እኔ ጋ እንዳትደውሉ፣ ቀጥታ ሆስፒታል ብሎናል።

ዛሬ አባዬ 40 ደቂቃ ሳያቋርጥ ይሄዳል፣ ጁምዓም በእግሩ ነው። ወንድሜ፣ አላህ እድሜና ጤና ይስጥህ፣ ውለታህን አንረሳም።

ስሙን እንዳልጽፍ ስለለመነኝ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ስትሄዱ የኦፕሬሽን ወረቀታችሁንና የምትወስዱትን መድሃኒት ይዛችሁ ሂዱ፣ ያለሱ አይጀምርላችሁም።