ምስጋና ለልጆቼ የእንግሊዝኛ መምህርት፣ ጥቆማ ደግሞ ልጅ ላላችሁ ሁሉ

ጀሞና አካባቢው ያላችሁ ወላጆች፣ በተለይ ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማር ልጅ ያላችሁ፣ ይሄን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። ሁለቱን ልጆቼን እንግሊዝኛ የሚያስጠኑልኝ አንዲት መምህርት አሉ። ረጅም ዘመን በመንግሥት ትምህርት ቤት አስተምረው ጡረታ ወጥተዋል። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ጥቂት ልጆች ሳሎናቸው ውስጥ ሰብስበው ያስተምራሉ። ስማቸው አደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጽፈውም። ልጆቹ «ቲቸር» ነው የሚሏቸው፤ እኔም እዚህ እንደዚያው እላለሁ። ምስጋናዬ ግን በሹክሹክታ እንዲቀር አልፈልግም።

አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ 7ኛ ክፍል ሲገባ ምን እንደሚመጣበት ታውቃላችሁ። ሳይንሱም ሒሳቡም በእንግሊዝኛ ይሆናል። በ1986 የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከ1ኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን አድርጓል። ስለዚህ እንግሊዝኛው የደከመ ልጅ የሚወድቀው በእንግሊዝኛ ብቻ አይደለም። ባዮሎጂውም ጂኦግራፊውም አብሮ ይወርዳል። ትልቋ ልጄ ሒሳብ ትወዳለች። ጥያቄውን በአማርኛ ሳነብላት ቁጭ ብላ ትሠራዋለች። ያው ጥያቄ በእንግሊዝኛ ሲመጣ ግን ገና ሳታነበው ፊቷ ይጠቁራል። ይሄ ሲደጋገም ማየት ለወላጅ ከባድ ነው።

የገረመኝ ነገር ግራመር ሽምደዳ ላይ አንደኛ መሆኗ ነው። «ኤ ናውን ኢዝ ዘ ኔም ኦፍ ኤ ፐርሰን፣ ፕሌስ ኦር ቲንግ» ብላ በአንድ ትንፋሽ ትወጣዋለች። የቨርቡንም የአድቨርቡንም እንዲሁ። ከአንድ መስመር ውስጥ ቨርቡን አውጪ ስትባል ግን ዝም። እኔ ራሴ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ፤ ቴሌቪዥኑ ሲናገር እኛ ደብተር ላይ ለመገልበጥ ስንሯሯጥ ነው ያደግነው። ትርጉም መሸምደድ እንዴት እንደሆነ አውቀዋለሁ። የሸመደዱትን ማንበቢያና መጻፊያ ማድረግ ሌላ ሥራ ነው። ያንን ሥራ በትዕግሥት የሚሠራ ሰው ማግኘት ነው የቸገረን።

ቲቸር ልጄን ሲቀበሏት መጀመሪያ የጠየቋት የእንግሊዝኛ ደብተሯን አይደለም። የአማርኛውን ነው። ስም፣ ግስ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግስ፣ መስተዋድድ የሚለውን ገጽ ገለጡና «ይሄን ተምረሻል አይደል? በይ፣ የእንግሊዝኛውን ግማሽ ጨርሰሻል» አሏት። በተለመደው አቆጣጠር የእንግሊዝኛ የቃል ክፍሎች 8 ናቸው፤ ናውን፣ ፕሮናውን፣ ቨርብ፣ አጀክቲቭ፣ አድቨርብ፣ ፕሪፖዚሽን፣ ኮንጀንክሽን፣ ኢንተርጀክሽን። ልጄ እነዚህን ስምንቱን እንደ ባዕድ ነበር የምታያቸው። አብዛኞቹን በአማርኛ ስማቸው እንደምታውቃቸው ያሳያት ሰው አልነበረም።

ቁጭ ብዬ ያየሁትን አንድ ትምህርት ልንገራችሁ። ሦስት ልጆች አስነሡ። ከቆየ ካርቶን የተቆረጠ ካርድ አስያዟቸው። አንዱ ላይ «አበበ»፣ አንዱ ላይ «በሶ»፣ አንዱ ላይ «በላ» ይላል። «አበበ በሶ በላ»ን የማያውቅ ልጅ የለም፤ ወዲያው ተሰለፉ። ቀጥሎ «ካርዱን አዙሩት» አሉ። ጀርባው ላይ እንግሊዝኛው ተጽፏል። «አሁን አበበ በእንግሊዝኛ ነው የሚበላው። ማነው ቦታ የሚቀይረው?» ልጆቹ ተያዩ። ትንሽ ተከራከሩ። መጨረሻ ላይ የቆመው «በላ» ራሱ ሄዶ መሃል ገባ። «አበበ ኤት በሶ» ብለው ቤቱን በጩኸት ሞሉት።

አራተኛ ልጅ ደግሞ «ጣፋጭ» የሚል ካርድ ይዛ መጣች። በአማርኛ ከበሶ ፊት ቆመች። ካርዱ ሲዞርም እዚያው ቀረች፤ «ስዊት በሶ»። ቲቸር «አያችሁ፣ ቅጽል አያስቸግርም፤ በሁለቱም ቋንቋ ከስሙ ፊት ነው» አሉ። ልጆቹ የሚቀየረውንም የማይቀየረውንም በዓይናቸው አዩ። በዚህ ቦታ መቀያየር ያልገባው ልጅ አላየሁም።

ከዚያ መቀስ አወጡ። «በማንኪያ» የሚለውን ካርድ ወሰዱና «በ»ን ቆርጠው ለብቻዋ አደረጓት። በአማርኛ መስተዋድዷ ስሙ ላይ ተለጥፋ ነው የምትኖረው፤ በእንግሊዝኛ ግን ራሷን የቻለች ቃል ናት። ሥራው የሚከብደው ከዚህ በኋላ ነው። አንዷ «በ» በእንግሊዝኛ ብዙ ትሆናለች። በማንኪያ ሲሆን ዊዝ፣ በታክሲ ሲሆን ባይ፣ በጠዋት ሲሆን ኢን፣ በ2 ሰዓት ሲሆን ደግሞ አት ነው (ሰዓቱም ራሱ 8 ይሆናል፤ ልጆቹ እዚህ ጋ ሁሌም ይሳሳታሉ)። ፕሪፖዚሽን ለልጆቻችን ለምን እንደሚከብድ እኔ እዚያ ሳሎን ውስጥ ነው የገባኝ። የትኛው ከየትኛው ጋር እንደሚሄድ በዝርዝር ማስጠናት ብቻውን አይበቃም። ልጁ አንዱ ቃል ስንት ቦታ እንደሚከፈል መጀመሪያ ማየት አለበት።

የቲቸር ትልቁ ችሎታ ይሄ ነው። የልጁ ስህተት ከየት እንደመጣ ያውቃሉ። «እየዘነበ ነው» ለማለት «ኢዝ ሬኒንግ» ብሎ የሚጽፍ ልጅ ስላላጠና አይደለም። በአማርኛ ባለቤቱ ግሱ ውስጥ ተሸጉጧል። «በላሁ» ካልን «እኔ» ማለት ግዴታ አይደለም። እንግሊዝኛ ግን ባለቤቱን ከፊት ካላቆሙለት አረፍተ ነገር አይሆንለትም፤ ለዝናብ እንኳ «ኢት» ይፈልጋል። ስለ ተሰበረ ወንበር ሲያወራ «ሂ ኢዝ ብሮክን» የሚለው ትንሹ ልጄም እንዲሁ ነው። በአማርኛ ወንበሩም «እሱ» ነዋ! «ሁለት መጽሐፍ ገዛሁ» ስለምንል «ቱ ቡክ» ብለው ይጽፋሉ። «ይሄዳል» ዛሬም ነገም ስለሚያገለግል የነገውን ነገር ያለ «ዊል» ይጽፉታል። ቲቸር አንዱንም ልጅ ስቀውበት አያውቁም። «ይሄ የአማርኛ ስህተት ነው፤ በአማርኛ ትክክል ነህ» ይሉታል። ያን የተባለ ልጅ ቀና ብሎ ነው እንደገና የሚጽፈው።

«ሺ ዳዝንት ጎውስ» የሚለው ስህተት ደግሞ ሁላችሁም ቤት አለ። ቲቸር ስለ «ኤስ»ዋ የሚሉት አንድ ነገር አለ፦ «ቤት ውስጥ ያለው ጃንጥላ አንድ ነው። ዳዝ ይዞት ከወጣ ጎ ያለ ጃንጥላ ይሄዳል።» ልጄ ይሄን ከሰማች ወዲህ ታናሽ ወንድሟ ሲሳሳት «ጃንጥላ!» ብላ ትጮህበታለች። እሱም ወዲያው ያስተካክላል።

ሌላው የምወደው፣ ቃሉን ብቻውን አይተው «ይሄ ምንድነው?» ብለው አይጠይቁም። ሁልጊዜ አረፍተ ነገር ውስጥ ነው። አማርኛ ላይ ግስ ራሱን ያሳውቃል፤ ቅርጹ ይለያል። እንግሊዝኛ ላይ ግን ያው ቃል ቦታው ሲለወጥ ሥራው ይለወጣል። «አይ ድሪንክ ዋተር» ላይ ዋተር ናውን ነው። «አይ ዋተር ዘ ፍላወርስ» ላይ ቨርብ ሆነ፤ አበባውን አጠጣለሁ ማለት ነው። «ዋተር ምንድነው?» ሲባል «ናውን» ብሎ የሚመልስ ልጅ ቲቸር ዘንድ ሙሉ ነጥብ አያገኝም። «የት ላይ ሆኖ?» ብሎ መጠየቅ አለበት። በየትምህርት ቤቱ የሚታደለው ወርክሺት ቃላቱን ብቻቸውን ደርድሮ «ናውን ወይስ ቨርብ» ሲል ሳይ አሁን ቅር ይለኛል።

እርማታቸውም ደስ ይላል። ደብተሩን በቀይ አይሞሉትም። አንድ ዓይነት ስህተት ይመርጡና ለዚያ ሳምንት በእሱ ብቻ ይሠራሉ። ልጁ የጻፈውን ጮክ ብሎ እንዲያነብ ያደርጋሉ። ብዙ ጊዜ እያነበበ ራሱ ይይዘዋል። የቤት ሥራቸው ትንሽ ነው፤ ቤት ውስጥ ስለሆነ ነገር ጥቂት አረፍተ ነገር መጻፍ። ልጄ አንዴ አያቷ ቡና ስታፈላ ጽፋ መጣች። «ቆላች፣ ወቀጠች፣ አፈላች፣ ቀዳች» የሚለውን ሁሉ በእንግሊዝኛ ፍለጋ ቤቱን አስጨነቀችን። በአንድ ምሽት ያን ያህል ቨርብ በራሷ ፍላጎት ፈልጋ አታውቅም ነበር።

ለውጡን ከጠየቃችሁኝ፣ ከክፍል አንደኛ ወጣች አልላችሁም። የሳይንስ መጽሐፏን ግን አሁን ብቻዋን ከፍታ ታነባለች። በቀደም አጠገቧ ተቀምጬ ነበር። «ሩትስ አብዞርብ ዋተር ፍሮም ዘ ሶይል» የሚል መስመር ላይ ደረሰች። «አብዞርብ»ን አታውቀውም። ድሮ ቢሆን እዚያ ላይ መጽሐፉን ዘግታ ትነሣለች። አሁን ጣቷን ቃሉ ላይ አደረገችና «ይሄ ቦታው የቨርብ ነው» አለች። «ማን? ሩትስ፣ ሥሮች። ምን? ዋተር። ከየት? ከአፈር።» ትንሽ አሰበችና «ሥር ከአፈር ውሃ ምን ያደርጋል? ይመጣል... አይ፣ ይመጥጣል!» አለች። መዝገበ ቃላት አላነሣችም። እኔም አልነገርኳትም። እናቷን ጠርቼ እንደገና አስነበብኳት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ግቢያቸው ውስጥ አማርኛ የተናገረ ልጅ የሚቀጡ ትምህርት ቤቶች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ልጆቼ የነበሩበት አንድ ቦታም እንዲሁ ያደርግ ነበር። ወላጅም ደስ ብሎት ይከፍላል፤ ልጁ እንግሊዝኛ የሚለምድ ይመስለዋል። እኔ ያየሁት ልጆቹ ዝምታ ሲለምዱ ነው። ቲቸር በአማርኛ እያስረዱ ነው እንግሊዝኛውን የሚያስተምሩት፣ እና ልጆቹ እሳቸው ቤት ነው በእንግሊዝኛ አፋቸውን የከፈቱት። አማርኛውን በደንብ የያዘ ልጅ ግራመር የሚያስተነትንበት ነገር አለው። ያንን መከልከል መሣሪያውን መቀማት ነው።

ልጃችሁን ልትልኩ ካሰባችሁ አስቀድማችሁ እንድታውቁት የምፈልገው አለ። የልጁን የቤት ሥራ ሠርተው አይሰጡም፤ ለምናችሁም እሺ አይሉም። የሚኒስትሪ ፈተና ወረቀት እያገላበጡ «ይሄ ይመጣል» የሚል ዓይነት ጥናት ከፈለጋችሁ እሳቸው ዘንድ የለም። አማርኛ ማንበብ ያልጀመረ ትንሽ ልጅም አይቀበሉም። ልጁ ከሰነፈ ፊት ለፊት ነው የሚነግሯችሁ፤ ወላጁ ከሰነፈም እንደዚያው። እኔንም «ማታ ማታ አንድ ገጽ አብረሃት አንብብ፤ እኔ በሳምንት አንዴ ነው የማገኛት» ብለውኛል፣ እያነበብኩ ነው። የሚያስከፍሉት በሰፈራችን ከሚጠየቀው አይበልጥም። መክፈል ያቃተውን ጎረቤት ልጅ በነጻ እንደሚያስተምሩ የነገረችኝ የልጁ እናት ናት፤ እሳቸው አንድም ቀን አንሥተውት አያውቁም።

ቲቸር፣ ይሄን ጽሑፍ ልጅዎ እንደሚያነብብልዎ አውቃለሁ። እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ልጄ መጽሐፍ መፍራት ትታለች። ትንሹም ቅዳሜ ሲደርስ ራሱ ጫማውን አጥልቆ በር ላይ ይጠብቀኛል። ጡረታ ወጥተው ማረፍ ሲችሉ የሰው ልጅ ሰብስበው ለሚደክሙት ድካም ዋጋውን የምከፍልበት አቅም የለኝም። ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ፤ እኛ ወላጆች ሁላችንም እናመሰግንዎታለን።

ስልካቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሳቸውን አስፈቅጄ እሰጣችኋለሁ። ቦታው ውስን ስለሆነ ትንሽ ልትጠብቁ ትችላላችሁ። ስትሄዱ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ያለ ልጁ ከወላጅ ጋር ብዙ አያወሩም። የአማርኛ ደብተሩንም እንዳትረሱ፣ መጀመሪያ የሚጠይቁት እሱን ነው።