ሕመሙ በሌለበት ሰዓት የእናቴን ልብ ለመረመሩልን ሲስተር

በድሬዳዋ ከዚራ አካባቢ በሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ፣ በልብ ምርመራ ክፍል የሚሠሩ አንዲት ሲስተርን በአደባባይ ላመሰግን ይህን እጽፋለሁ። ስማቸው እንዳይወጣ ስለለመኑኝ አልጠቅሰውም፤ የሚፈልጋቸው ሰው ግን በውስጥ መስመር ቢጠይቀኝ በደስታ እጠቁማለሁ።

እናቴ 67 ዓመታቸው ነው። ካለፈው ዓመት ጀምሮ ልባቸው በድንገት ይጣደፋል፤ ሩብ ወይም ግማሽ ሰዓት ያህል ካስጨነቃቸው በኋላ እንደ አመጣጡ በድንገት ይተዋቸዋል። ከሳቢያን ባጃጅ ይዘን፣ ካርድ አውጥተን፣ ተራ ጠብቀን ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ ምት የሚመዘግብ ምርመራ) እስኪነሡ ድረስ ሕመሙ ስለሚያልፍ፣ ሦስት ጊዜ ተነሥተው ሦስቱም ጊዜ ጤነኛ ነዎት ተባሉ። አንድ ቦታ ጭንቀት ነው አሏቸው፤ ጎረቤት ደግሞ ሁሉንም በቡና አሳበበ። እናቴን ከሕመሙ ይልቅ የጎዳቸው የሚያምናቸው ሰው ማጣታቸው ነበር፤ በኋላማ ልባቸው ሲመታ ለእኛም መንገር ትተው ነበር።

እኚህ ሲስተር ማሽኑን ከመንካታቸው በፊት ወንበር ስበው አጠገባቸው ተቀመጡና «እማማ፣ ሲጀምርዎት በአንዴ ነው ወይስ ቀስ በቀስ?» ብለው ጠየቁ። ከዚያም አመታቱን በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ እንዲያሳዩ አደረጓቸው። እናቴ አንዴ ቶሎ ቶሎ፣ አንዴ ዘግየት እያደረጉ ሥርዓት የሌለው ምት መቱ፤ ሲስተርም ይህንን ለሐኪሙ ጻፉላቸው። ለእኛ ያስረዱን ደግሞ እስከዚያ ቀን ማንም ያልነገረን ነገር ነው። የተለመደው ኢሲጂ የሚመዘግበው 10 ሰከንድ ያህል ስለሆነ፣ ሕመሙ በሌለበት ሰዓት ንጹሕ ሆኖ ቢወጣ ለእነዚያ ሰከንዶች ብቻ ይመሰክራል። ያም ሆኖ በከንቱ አይነሣም፤ አንዳንድ ሰው ሲወለድ ጀምሮ በልቡ ውስጥ ያለ ትርፍ የኤሌክትሪክ መንገድ በደህናው ጊዜም ሊታይበት ይችላል። ሐኪሙም የደም ማነስ፣ የታይሮይድና የፖታሲየም ምርመራ፣ እንዲሁም የልብ አልትራሳውንድ አዘዙ፤ ለእነዚህ ሕመሙ እስኪነሣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ዋናው ግን ሆልተር የሚባለው ነው። ደረት ላይ በሚለጠፉ ሽቦዎች አማካይነት የልብን ምት ለ48 ሰዓት ያለማቋረጥ የሚመዘግብ፣ ሰውነት ላይ ተይዞ የሚዋልበትና የሚታደርበት ትንሽ መሣሪያ ነው። የከተማችን ሙቀትና ላብ ማጣበቂያውን እንደሚያላቅቀው ስለሚያውቁ ቆዳውን በአልኮል ጠርገው፣ በደንብ አድርቀው፣ ሽቦውን በፕላስተር ደግፈው ለጠፉላቸው። ገላ መታጠብ እንደማይቻል፣ ነገር ግን ሥራቸውንም ቡናቸውንም እንደ ወትሮው እንዲቀጥሉ ነገሯቸው፤ መመዝገብ ያለበት የዘወትር ኑሯቸው ነውና። የሕመም ማስታወሻ መጻፊያ ወረቀቱን ሲሰጡን ያደረጉትን ጥንቃቄ በተለይ አልረሳውም። መሣሪያው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ እናቴ የሚጽፉት በእኛ። «9 ሰዓት» ብቻ ተብሎ ቢጻፍ በመሣሪያው ከሌሊቱ 3:00 ይሁን ከቀኑ 15:00 አይታወቅም። ስለዚህ ሁለቱን አቆጣጠር ጎን ለጎን በእጃቸው አስምረው ሰጡን።

በመጀመሪያው ዙር ሕመሙ አልመጣም፤ ምንም አልተገኘም። እናቴ «በቃ፣ ተዉኝ» ሲሉ ሲስተር «እማማ፣ ገና አልያዝነውም» ብለው አጽናኗቸው፤ ሐኪሙን አነጋግረውም ሌላ ቀጠሮ አስያዙልን። በሁለተኛው ዙር ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ፣ እናቴ ተኝተው ምንም ሳይሰማቸው፣ መዛባቱ ተመዘገበ። ኤትሪያል ፊብሪሌሽን ነው ተባልን፤ የልብ የላይኞቹ ክፍሎች በሥርዓት መምታታቸውን ትተው ሲርገበገቡ ደም ሊረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ሊያስከትል እንደሚችል ሐኪሙ አስረዱን። ዛሬ መድኃኒት ጀምረው በክትትል ላይ ናቸው።

እንደ እናቴ ያለ ሕመምተኛ ያላችሁ፣ ሲስተር ያስተማሩንን ላካፍላችሁ፦ ሕመሙ ሲነሣ የእጅ አንጓ ላይ ያለውን ምት ሙሉ አንድ ደቂቃ ቆጥራችሁ ከነሰዓቱ ጻፉ። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ራስን መሳት ካለበት ግን ቆጠራውን ትታችሁ በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዱ።

ሲስተር፣ እናቴ ቡና ባፈሉ ቁጥር «ያመነችኝ እሷ ናት» እያሉ ይመርቁዎታል። እግዚአብሔር ይስጥልን።