በፌዴራል ወንጀል ሲከሰሱ፦ በፍርድ ቤት የሚመደብ ጠበቃ ወይስ በገንዘብ የሚቀጠር?

አሜሪካ ውስጥ በሚኖር የኢትዮጵያውያን ቤተሰብ ላይ የፌዴራል ክስ ሲመጣ የሚሆነው ነገር ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ዘመድ አዝማድ ይሰበሰባል፣ ገንዘብ ይዋጣል፣ ከዚያም የአንድ ጠበቃ ስም ይነሳል፤ ለአንዱ የመኪና አደጋ ካሳ ያስገኘ፣ ለሌላይቱ የጥገኝነት ጉዳይ የጨረሰ ሰው። «መንግሥት የሚሰጠው ጠበቃ ያው የመንግሥት ነው» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ ነገሩም በዚያው ይቆረጣል። እኔ እንዲህ በችኮላ መቆረጥ የለበትም ባይ ነኝ። ከዚህ በታች አራት ዓይነት ጠበቆችን አነጻጽራለሁ፤ አቋሜንም አልደብቅም። በፌዴራል ፍርድ ቤት ሊያስፈራን የሚገባው ነጻው ጠበቃ ሳይሆን፣ ተከፍሎት ፌዴራል ፍርድ ቤትን የማያውቀው ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።)

ከምርጫው የሚቀድም አንድ ነገር አለ። መርማሪ በር ላይ ቆሞ «ጥቂት ጥያቄ ብቻ ነው» ሲል ተገቢው መልስ «ጠበቃ ሳላማክር አልናገርም» ነው። ለፌዴራል መርማሪ አውቆ ፍሬ ነገር ያለው ውሸት መናገር ራሱን የቻለ፣ እስከ 5 ዓመት እስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ መሐላ መፈጸም እንኳ አያስፈልገውም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና፣ በኋላ የሚመጣው ጠበቃ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የተነገረውን አይመልሰውም።

የፌዴራል ተከላካይ ጠበቃ ጽሕፈት ቤት

ጠበቃ ለመቅጠር አቅም የሌለው ተከሳሽ በፌዴራል ፍርድ ቤት ጠበቃ የማግኘት መብቱ በጠቅላይ ፍርድ ቤት የጸናው በ1938 ነው። ክፍያውን በሕግ ያደላደለው የ1964ቱ አዋጅ ሲሆን፣ ቋሚ ጽሕፈት ቤቶች የተፈቀዱት በ1970 ማሻሻያ ነው። የእነዚህ ቢሮዎች ጠበቆች ደመወዝተኞች ናቸው፤ የትራፊክ ቅጣት፣ ፍቺ ወይም የቤት ሽያጭ አይነኩም። ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠሩት የፌዴራል ወንጀል ብቻ ነው። የትኛው ዳኛ በምን እንደሚቆጣ፣ የትኛው ዐቃቤ ሕግ ለድርድር እንደሚመች ያውቃሉ። የራሳቸው መርማሪዎችም አሏቸው፤ የግል ጠበቃ ለዚህ ተጨማሪ ሂሳብ ይጠይቃል።

«የመንግሥት ናቸው» የሚለው ስጋት ከምን እንደመጣ ይገባኛል፤ እኛ ከመጣንበት አገር አንጻር የሚፈረድበት አይደለም። ግን የቢሮውን ኃላፊ ለአራት ዓመት የሚሾመው የይግባኝ ፍርድ ቤቱ እንጂ ዐቃቤ ሕጉ የሚታዘዝለት የፍትሕ ሚኒስቴር አይደለም። የሚስጥር ግዴታቸውም ከግል ጠበቃ ጋር እኩል ነው። እውነተኛው ጉድለት ሌላ ነው። ከቢሮው ውስጥ ማን እንደሚቆምልዎ አይመርጡም፤ የያዙት መዝገብ ብዙ ነው፤ የቤተሰብ ስልክ ቶሎ ላይመልሱ ይችላሉ።

ለዚህ ጠበቃ ብቁ ለመሆን መንገድ ላይ መውደቅ አያስፈልግም። መስፈርቱ በቂ ጠበቃ ለመቅጠር የገንዘብ አቅም ማጣት ነው። በመጀመሪያው ቀጠሮ ላይ የገቢና የንብረት ቅጽ ይሞላል፤ የሚፈረመው ሐሰት ቢገኝበት እንደሚያስቀጣ ታውቆ ነው። አዲስ አበባ ያለው ኮንዶሚኒየምም ንብረት ነው፤ «እዚያ ያለውን ማን ያየዋል» ብሎ መዝለል ሁለተኛ ክስ መጋበዝ ነው። ትንሽ አቅም ያለው ሰው ደግሞ ጠበቃ ተመድቦለት ከፊሉን ወጪ እንዲከፍል ሊታዘዝ ይችላል።

ከዝርዝር የሚመደብ የግል ጠበቃ

ሦስት ሰዎች በአንድ መዝገብ ሲከሰሱ የተከላካይ ቢሮው ከአንዱ በላይ አይወክልም፤ የተከሳሾቹ ጥቅም ሊጋጭ ይችላልና። ለሌሎቹ ፍርድ ቤቱ ከያዘው ዝርዝር የግል ጠበቃ ይመድባል። በ2024 የእነዚህ ጠበቆች ክፍያ በሰዓት 172 ዶላር ነበር። ጥሩዎቹ በጣም ጥሩ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ገበያ ላይ ቢቀጥሯቸው ከአቅምዎ በላይ የሚሆኑ ናቸው። ግን ደረጃቸው ከቢሮው ጠበቆች ይልቅ ይለያያል፤ ለመርማሪና ለባለሙያ ምስክር የሚወጣው ወጪም ከተወሰነ ልክ ሲያልፍ የዳኛ ፈቃድ ይፈልጋል።

የፌዴራል ልምድ ያለው ተከፋይ ጠበቃ

ገንዘብ ካለ ይህ ምርጫ በአንድ ወቅት ላይ ሌሎቹን ሁሉ ይበልጣል፤ ክስ ከመመሥረቱ በፊት። የምርመራ ዒላማ መሆንዎን የሚገልጽ ደብዳቤ ወይም የሰነድ መጥሪያ ሲደርስዎ ዐቃቤ ሕጉን አነጋግሮ ክሱን ማስቀረት ወይም ማቅለል የሚቻለው ያኔ ነው። ደብዳቤ ለደረሰው አቅመ ደካማም ፍርድ ቤቱ ጠበቃ ሊመድብ ይችላል፤ በተግባር ግን አብዛኛው ሰው የሚመደብለት ከተያዘ በኋላ ነው።

ዋጋው በአስር ሺዎች ዶላር ይጀምራል፤ ጉዳዩ እስከ ሙሉ ክርክር ከሄደ ደግሞ በብዙ እጥፍ ያድጋል። ስለዚህ ውሉ በጽሑፍ ይሁን፤ ክፍያው እስከ የት እንደሚያደርስም በግልጽ ይስፈር። እስከ ጥፋተኝነት ማመን ነው? እስከ ዳኝነት ክርክር? ይግባኝ ይጨምራል? ያልተሠራበት ገንዘብ ይመለሳል? በወንጀል ጉዳይ «ካሸነፍኩ ትከፍላለህ» የሚል ውል በጠበቆች ሥነ ምግባር የተከለከለ ነው። ነጻ አወጣሃለሁ ብሎ ቃል ከሚገባ ሰው ፊት ተነሥቶ መሄድ ነው።

በእኛ ዘንድ ገንዘቡ የሚመጣው ከብዙ እጅ፣ ብዙ ጊዜም በጥሬው ነው። ጠበቃው ከ10,000 ዶላር በላይ ጥሬ ገንዘብ ከተቀበለ ለግብር ባለሥልጣኑ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። የወንጀል ፍሬ ነው የተባለ ገንዘብም ለጠበቃ ስለተከፈለ ብቻ ከመወረስ እንደማይድን ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1989 ወስኗል። ሌላም አለ፤ አጎት ስለከፈሉ ጠበቃው የአጎት አይሆንም። የተከሳሹን ምስጢር ያለፈቃዱ አይነግራቸውም። ዘመድ በምክክሩ ክፍል ውስጥ መቀመጡም የምስጢሩን ጥበቃ ሊያሳጣ ይችላል፤ በዚህ ቅር የሚሰኙ ታላላቆችን አስቀድሞ ማስረዳት ይሻላል።

ሁላችንም የምናውቀው ጠበቃ

አራተኛው አማርኛ የሚሰማ፣ ሠርግና ለቅሶ ላይ የሚገኝ፣ ደግ ሰው ነው። በሙያው ጎበዝ ሊሆን ይችላል፤ ሙያው ግን ሌላ ነው። በ2022 የበጀት ዓመት ከፌዴራል ተከሳሾች 90 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ጥፋተኝነታቸውን አምነዋል፤ ሙሉ ክርክር ያደረጉት 3 በመቶ አይሞሉም። ስለዚህ የሚከፈለው ለአንደበተ ርቱዕነት ሳይሆን ለድርድርና ለቅጣት ስሌት ችሎታ ነው።

ስሌቱን በቅርብ እንየው። ከዚህ በፊት ተቀጥቶ የማያውቅ ሰው የንግድ ብድር በሐሰት ሰነድ ወስዷል ተብሎ በማጭበርበር ተከሰሰ እንበል። በ2024ቱ የፌዴራል የቅጣት መመሪያ፣ ማለትም የወንጀሉን ክብደት በደረጃ አስልቶ የእስራቱን ወር በሚያሳየው ሰንጠረዥ፣ መነሻው ደረጃ 7 ነው። ዐቃቤ ሕጉ ጉዳቱ 100,000 ዶላር ነው ካለ፣ ከ95,000 ስለሚበልጥ 8 ተጨምሮ 15 ይሆናል። ጥፋቱን በማመኑ 2፣ የቀድሞ ቅጣት ስለሌለበት ሌላ 2 ሲቀነስ 11፤ ይኸውም ከ8 እስከ 14 ወር። ጠበቃው የባንክ ወረቀቱን አገላብጦ ትክክለኛው ጉዳት 94,000 መሆኑን ካሳየ የሚጨመረው 6 ብቻ ነው፤ ደረጃው 9፣ ቅጣቱ ከ4 እስከ 10 ወር ይሆናል። መመሪያው ከ2005 ወዲህ ዳኛውን አያስገድድም፤ ዳኛው ግን ስሌቱን የሚጀምረው ከዚያ ነው። ይህን ሰንጠረዥ በሥራው ተጠቅሞበት የማያውቅ ጠበቃ ስለ 6,000 ዶላር ልዩነት መከራከር እንዳለበት እንኳ ላያስተውል ይችላል።

ግሪን ካርድ ላለው ሰው ደግሞ ይህ ድል በቂ አይደለም። ጉዳቱ ከ10,000 ዶላር የበለጠ የማጭበርበር ጥፋት በኢሚግሬሽን ሕግ ከከባዶቹ ወንጀሎች ይመደባል፤ ሰውየው አንድ ቀን ባይታሰርም ከአገር ሊያስወጣው ይችላል። ለእሱ ወሳኙ በየትኛው የክስ ነጥብ እንደሚያምንና በስምምነቱ ላይ የሚሰፍረው የጉዳት መጠን ነው። ማመን ከአገር የሚያስወጣ መሆኑን የወንጀል ጠበቃው ለደንበኛው የመንገር ግዴታ እንዳለበት ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2010 ወስኗል። የምናውቀው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ቦታው እዚህ ነው፤ የወንጀል ጠበቃው ከመፈራረሙ በፊት የሚያማክረው ሰው ሆኖ።

ቋንቋና ማጣራት

በችሎት ለሚቀርብ ተከሳሽ አስተርጓሚ ከአራቱም ጋር በነጻ ይመደባል። ልዩነቱ ከችሎት ውጭ ነው፤ የተመደበ ጠበቃ ከእርስዎ ጋር ሲነጋገር የአስተርጓሚውን ሂሳብ የሚሸፍነው መንግሥት ነው፤ ከተከፋይ ጠበቃ ጋር ግን በአብዛኛው ከኪስዎ ነው። ልጅን ማስተርጎም ይቅር። ልጅ የአባቱን ጉዳይ መስማት የለበትም፤ ነገ ምስክር ሆኖ ሊጠራም ይችላል።

ተከፋይ ጠበቃ ከመቅጠርዎ በፊት የዲሲፕሊን መዝገቡን በክፍለ ግዛቱ የጠበቆች ማኅበር ወይም ፍርድ ቤት ድረ ገጽ ይፈትሹ። ፔሰር በሚባለው የፌዴራል ፍርድ ቤቶች የመዝገብ ሥርዓት ላይ የቆመባቸውን ጉዳዮች ማየት ይቻላል፤ ክፍያው በገጽ 10 ሳንቲም ሲሆን በሩብ ዓመት ከ30 ዶላር ካልበለጠ አይጠየቅም። ከዚያ ፊት ለፊት ይጠይቁ፦ በዚህ ፍርድ ቤት በቅርብ የቆሙት መቼ ነው? ለመጨረሻ ጊዜ የቅጣት ክርክር ያደረጉት በምን ዓይነት ክስ ነበር? ጉዳዩን የሚይዙት እርስዎ ነዎት ወይስ ረዳትዎ? አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት በፍጥነቱ የታወቀ ነው፤ እዚያ እየሠሩ መማር አይቻልም።

ገና ያልወሰነ ቤተሰብ በተመደበው ጠበቃ ቢጀምር አይጎዳም። ዐቃቤ ሕጉ ይታሰር ብሎ ሲጠይቅ የዋስትናው ክርክር በቀናት ውስጥ ስለሚደረግ፣ ገንዘብ እስኪዋጣ የሚጠብቅ ቀጠሮ የለም፤ በኋላ ተከፋይ ጠበቃ ሲገኝ መተካት ቀላል ነው። ተቃራኒው መንገድ ይከብዳል። ገንዘብ በመሐል ሲያልቅ ጠበቃው ከጉዳዩ ለመውጣት የዳኛ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ የተዋጣው ተከፍሎ አልቆ፣ አዲስ የሚመደበው ጠበቃ መዝገቡን ከገጽ አንድ ያነባል።