በአንድ ጥንቸል ላይ ጥቂት የመዥገር እጭ ወይስ ብዙ?

መዥገር በላቦራቶሪ ሲረባ፣ ባለ ስድስት እግሩ እጭ ደም እንዲመገብ በጥንቸል ላይ ይለቀቃል።

ጥቂት ሲለቀቅ፦ የጥንቸሉ ቆዳ እምብዛም አይቆጣም። አብዛኞቹ እጮች ጠግበው ይወድቃሉ፤ ደህና ክብደት ስላላቸውም ቆዳቸውን ቀይረው ባለ ስምንት እግር የመሆን ዕድላቸው ሰፊ ነው። ብዙ እንስሳ ግን ይጠይቃል።

ብዙ ሲለቀቅ፦ ጠቅላላ ቁጥሩ ያድጋል፣ ከመቶው የሚተርፈው ግን ያንሳል። ቦታው ያብጣል፤ እንስሳው ይታከካል፣ ይልሳል፣ በጥርሱ ይነቅላል። በወጉ ሳይጠግብ የወደቀ እጭ እርጥበት ካነሰው ቶሎ ይደርቃል። እንስሳው አፉን ወደ ቦታው እንዳያደርስ የሚታሰርለት የአንገት ቀለበት መላሱን ያስቀራል እንጂ የቆዳውን የመከላከያ ምላሽ አይገታም፤ ብዙዎች የሚዘነጉት ይህንን ነው።

ክብደት ለሚለካበት ሙከራ ጥቂቱ ይሻላል። ዘር ለማብዛት ብዙው ያዋጣል፣ እንስሳው ቀድሞ በመዥገር ያልተነከሰ ከሆነ። እንስሳው ጊኒ ፒግ (አይጥ መሰል የላቦራቶሪ እንስሳ) ከሆነማ ከአንድ ዙር በኋላ ጠንካራ መከላከያ ስለሚያዳብር፣ ለሁለተኛው ዙር ሌላ እንስሳ ይዘጋጅ።