ባለ 110 ባር የግፊት ማጠቢያ በፒያሳ ግድግዳ ላይ፦ ከወራት አገልግሎት በኋላ

ሱቅ ውስጥ «የመኪና ማጠቢያ» እየተባለ የሚሸጠው ትንሹ የኤሌክትሪክ ማሽን ነው፤ 1400 ዋት፣ ከፍተኛ ግፊቱ 110 ባር፣ በሰዓት የሚያወጣው ውሃ ቢበዛ 360 ሊትር። ሲሠራ የቆየው ፒያሳ አካባቢ ባለ አሮጌ ግቢ፣ ከፊሉ ብሎኬት ከፊሉ ጭቃ በሆነ ቤት ላይ ነው። ፍርዱን ከወዲሁ ልናገር፦ ለዚህ ሥራ ይበቃል፣ ግን ግድግዳውን የሚያጸዳው እሱ አይደለም። የሚያጸዳው ሳሙናና ብሩሽ ነው፤ ማሽኑ ያለቀልቃል። ቆሻሻውን በግፊት ብቻ ላስለቅቅ ያለ ሰው ከቆሻሻው ጋር ቀለሙን፣ ባስ ሲልም ልስኑን ያወርዳል።

ውሃ በፈረቃ ለሚመጣበት ሰፈር ትልቁ ጥቅሙ ቁጠባው ነው። ውሃ የሚተኩሰው ሽጉጥ ምላጩ (መሳቢያው) ተይዞ በደቂቃ ከ6 ሊትር አይበልጥም፤ ደህና ግፊት ያለው ተራ ጎማ የዚህን እጥፍ በቀላሉ ያፈሳል። አንድ ባለ 1000 ሊትር ሮቶ ምላጩ ሳይለቀቅ ሦስት ሰዓት ሊጠጋ ያሠራል። ችግሩ የሮቶ ውሃ የሚመጣው በቁመቱ ብቻ መሆኑ ነው፤ አንድ ሜትር ከፍታ የሚሰጠው 0.1 ባር ያህል ነው። ስለዚህ ከሮቶ ወደ ማሽኑ የሚሄደው ጎማ አጭርና ሰፊ ይሁን፤ ባለ ሦስት ሩብ ኢንች ይመረጣል። ረጅም ባለ ግማሽ ኢንች ጎማ ማሽኑን ውሃ ያስጠማዋል። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ ውሃው ይቆራረጣል፣ ሽጉጡ እጅ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፣ የፓምፑ ድምፅ ይሻክራል። በዚህ ሁኔታ ከቀጠሉ ፓምፑ ውስጥ የሚፈነዱት አረፋዎች የውስጥ ጎማዎቹን ይበሏቸዋል።

ከበርሜል ማስጠባትም ይቻላል፣ ግን በርሜሉ ከማሽኑ በታች አይቀመጥ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,350 ሜትር ናት፤ የአየሩ ግፊት ባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛው ገደማ ነው። መምጠጥ ደግሞ በአየር ግፊት የሚሆን ነገር ስለሆነ መመሪያው ላይ የተጻፈው የመምጠጫ ከፍታ እዚህ አይሠራም። በርሜሉን ሁለት ብሎኬት ላይ ማውጣት ጣጣውን ይጨርሰዋል። ሞተሩም የከፍታው ጉዳይ ይነካዋል፤ መደበኛ ሞተሮች የሚሰሉት እስከ 1000 ሜትር ላለ ከፍታ ነው፣ ስስ አየር ደግሞ ሙቀት በደንብ አይወስድም። ሩብ ሰዓት ሠርቶ ጥቂት ማሳረፍ ልማድ ይሁን።

ከማስነሳት በፊት አየሩን ማስወጣት ግድ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ ውሃው ይከፈታል፣ ዘንጉ (ሽጉጡ ጫፍ ላይ የሚገጠመው ረጅም ቱቦ) ከሽጉጡ ይነቀላል፣ ምላጩ ይያዛል፤ ውሃው መትፋቱን ትቶ አንድ ወጥ ሲፈስ ዘንጉ ተገጥሞ ሞተሩ ይነሳል። ውሃ ለቀናት ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚመጣው ቡናማ ነው፤ ያ የአሮጌ ቱቦ ዝገት ነው። እስኪጠራ ድረስ ጀሪካን ውስጥ ይውረድ (ለሽንት ቤት ይሆናል)፣ ከዚያ ማሽኑ ይገናኝ። መግቢያው ላይ ያለችው ትንሽ ወንፊት በየእጥበቱ ወጥታ ካልታየች ግፊቱ ቀስ እያለ ይወርድና ሰው ማሽኑ የተበላሸ ይመስለዋል።

መብራት ላይ ቀልድ የለም። 1400 ዋት በ220 ቮልት ከ6 አምፔር በላይ ይስባል። ገመዱ 2.5 ካሬ ሚሊሜትር ይሁን፣ ከጥቅሉም እስከ መጨረሻው ይፈታ፤ እንደተጠቀለለ ከሠራ ይግላል። ማታ ማታ ቮልቴጁ ሲወርድ ሞተሩ ያጉረመርማል እንጂ አይነሳም፤ ያኔ ደጋግሞ መሞከር መጠምጠሚያውን ማቃጠል ነው። የመሃል ከተማ አሮጌ ቤቶች ብዙ ጊዜ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርድ የመከላከያ ሽቦ) የላቸውም። ኧርዝና በ30 ሚሊአምፔር የመብራት ፍሳሽ የሚቆርጥ ብሬከር በሌለበት ቤት ይህን ማሽን አለመሰካት ነው። የገመድ መጋጠሚያ መሬት ላይ አይተኛ፣ ይሰቀል። ቆጣሪው ያለበት ግድግዳና ከፖል የሚመጣው ሽቦ የሚገባበት ጥግ ግራና ቀኙ አንድ አንድ ሜትር ያህል ይተው፤ ላስቲክ ቢለብስም ውሃ አይተኮስበት። አቧራው በደረቅ ጨርቅ ይነሳል።

አሁን ወደ ግድግዳው። ሁለት ፍተሻ ሳይደረግ ሽጉጥ አይነሳ። አንደኛ፣ በመዶሻ እጀታ ልስኑን መታ መታ ማድረግ፦ ባዶ ድምፅ ከሰጠ ልስኑ ከግድግዳው ለቋል፣ ውሃ ከኋላው ገብቶ ይጥለዋል። ሁለተኛ፣ መዳፍን በቀለሙ ላይ ማሸት፦ እጅ ላይ ነጭ ዱቄት ከቀረ ቀለሙ አርጅቷል፣ በግፊት ይነሳል፤ እንደገና ለመቀባት ካልታሰበ በስተቀር በስፖንጅ ብቻ ይታጠብ። የጭቃ ግድግዳ ላይ፣ ሲሚንቶ ቢለሰንም እንኳ፣ ማሽኑን ጭራሽ አላስጠጋም። ከስንጥቁ የገባው ውሃ ጭድና ጭቃውን ያላላዋል፤ ጉዳቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ልስኑ ሆድ ሲያወጣ ነው።

ለብሎኬት ግድግዳ ሰፋ አድርጎ የሚረጨው አፍንጫ በቂ ነው፤ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ርቆ ይጀመራል፣ ጠንካራ ልስን ላይ ቢበዛ እስከ 30 ሳንቲሜትር ይቀርባል። ዞኮሎው (የግድግዳው የታችኛው ክፍል) የድንጋይ ከሆነ እሱ ይችላል፤ የክረምቱ ቀይ ጭቃ ተረጭቶ የደረቀበትም እሱው ነው። ግን የድንጋዩ መጋጠሚያ አሮጌ የኖራ ሙሊት ከሆነ ሙሊቱ እየተፈረፈረ ይወጣል። ከማሽኑ ጋር የሚመጣው የሚሽከረከረው አፍንጫ ለሲሚንቶ ወለል እንጂ ለግድግዳ አይደለም።

አቅጣጫው ሁልጊዜ ወደ ታች ያዘነበለ ይሁን። ወደ ላይ ከተተኮሰ ውሃው በቆርቆሮው መደራረቢያና በአሸንዳው ሥር ገብቶ ኮርኒሱ ላይ ያርፋል፤ ኮርኒሱ አቡጀዴ ከሆነ ቡናማ ካርታ ይሠራበታል። መሰላል ላይ ሆኖ መተኮስ ደግሞ ክልክል ነው፤ ምላጩ ሲያዝ ሽጉጡ ወደ ኋላ ይገፋል። ከመሬት ሆኖ በማራዘሚያ ዘንግ የማይደረስበት ቦታ በረጅም እጀታ ብሩሽ ይሠራ።

ሳሙናው ቀላል ነው፤ ለ10 ሊትር ባልዲ ሁለት የቡና ስኒ ላርጎ። ግድግዳው በመጀመሪያ በውሃ ይርሳል፣ ሳሙናው ከታች ወደ ላይ ይቀባል፣ በለስላሳ ብሩሽ ይታሻል፣ ከላይ ወደ ታች ይለቀለቃል። ከላይ ከተጀመረ ሳሙናው ደረቁ ላይ እየወረደ መስመር ያወጣል፣ መስመሩም በቀላሉ አይለቅም። ፀሐይ ያረፈበት ግድግዳ ይቆይ፤ ሳሙናው ሳይለቀለቅ ይደርቃል። ወቅቱ ጥቅምት ቢሆን ይመረጣል፤ ዝናቡ ቆሟል፣ ግድግዳውም ለመድረቅ ጊዜ አለው።

ፀሐይ የማያገኘው ጎን ላይ ክረምት ያበቀለው አረንጓዴና ጥቁር ሻጋታ በሳሙና አይሞትም። አንድ እጅ በረኪና በአራት እጅ ውሃ ተበጥብጦ በእጅ መርጫ ይረጫል፣ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ሳይደርቅ ይቆያል፣ በደንብ ይለቀለቃል። በማሽኑ የሳሙና ዕቃ ውስጥ በረኪና አይገባም፤ የፓምፑን ጎማና ብረት ይበላል። ከሽንት ቤት አሲድ ጋርማ በፍጹም አይገናኝ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። መነጽር፣ ጓንትና ቦቲ ይደረግ፤ አትክልቱ አስቀድሞ በንጹህ ውሃ ይርጠብ፣ በረኪና የነካው ቆርቆሮና የብረት በር ወዲያው ይለቅለቅ። ግቢው የጋራ ከሆነ የፍሳሹን መውረጃ ከጎረቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይሻላል፤ የተሰጣ ልብስ ላይ የደረሰ በረኪና ይቅርታ አይመልሰውም።

አሮጌ ቀለም የሚላጥ ከሆነ ሌላ ጥንቃቄ አለ። በቀለም ውስጥ ያለ እርሳስ (ሌድ የሚባለው መርዛማ ብረት) በኢትዮጵያ በመንግሥት ደንብ የተገደበው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው፤ የሚፈቀደው ከፍተኛ መጠን በሚሊዮን 90 እጅ ነው። ከዚያ በፊት የተቀባ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በግፊት አይበተን። ረጥቦ በእጅ ይፋቅ፣ ቅርፊቱ መሬት በተነጠፈ ላስቲክ ላይ ይሰብሰብ፣ ሕፃናት አይቅረቡ።

ከወራት በኋላ ማሽኑ ራሱ እንዴት ነው? ሞተሩ ደህና ነው፣ ጩኸቱ ግን ያው ነው፤ ባለ ካርቦን ሞተር ስለሆነ ዝምታ አይጠበቅበትም፣ ካርቦኑም አንድ ቀን ያልቃል። ቀድሞ የደከመው ዘንጉ ሽጉጡ ላይ የሚገጥምበት የጎማ ቀለበት ነው፤ መንጠባጠብ ሲጀምር በተመሳሳይ ልክ ተቀይሮ ትንሽ ሲሊኮን ግሪስ ይቀባል። የቧንቧ መጋጠሚያው ፕላስቲክ ጥርስ በፒንሳ ሲጠብቅ ይሰነጠቃል፤ በናስ መቀየሩ ይሻላል። የግፊት ጎማው ጠንካራ ስለሆነ አንዴ ከታጠፈ እዚያው መታጠፍ ይለምዳል። ምላጩ ተለቅቆ ሳለ ሞተሩ በየመሃሉ ብድግ የሚል ከሆነ የሆነ ቦታ እየፈሰሰ ነው ማለት ነው፤ ይጥፋና ይፈለግ። የሳሙና ዕቃው ግን የይስሙላ ነው፣ ባልዲና ብሩሽ ይበልጡታል።

ቤቱ ሙሉ በሙሉ ጭቃ ለሆነበት ሰው ይህን ማሽን አልመክርም። በጀርባ የሚታዘል የእጅ መርጫ፣ ለስላሳ ብሩሽና ሁለት ባልዲ ሥራውን ይጨርሱለታል፤ መብራትም አይጠይቁም።